ቀልብ በማይንቀሳቀስ ጀልባ ላይ

(በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ የማኅበረሰባችን የጤና ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከሥራ ወጥታችሁ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የቀዘፋ ማሽን ላይ ተቀምጬ ሳልጨርስ ያቆምኩበትን ቀን በመንገር ልጀምር። አራት ዓመት ይሆነዋል። ሐኪሜ ደም ግፊቴን ለክታ "እንቅስቃሴ ጀምሪ" አለችኝ። ጉልበቴ ሩጫ አይወድም። የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ ትንሽ ጂም አለች። ጥግ ላይ አንድ የቀዘፋ ማሽን፣ ሮዊንግ የሚሉት፣ ተቀምጠው እንደ ጀልባ ቀዛፊ እጀታ የሚስቡበት፣ ማንም ሳይነካው ቆሟል። ተቀመጥኩበት። እግሬን በማሰሪያው አሰርኩ። 20 ደቂቃ ብዬ ሞላሁ። አራተኛው ደቂቃ ላይ እጀታውን ለቅቄ ተነሳሁ።

ትንፋሽ አጥሮኝ አልነበረም። እግሬም አልዛለም። ላቤ እንኳን ገና ግንባሬ ላይ ነበር። ታዲያ ምን ሆኜ ተነሳሁ? ደረጃውን እየወጣሁ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። ያለቀው ጉልበቴ ሳይሆን ቀልቤ ነበር። ከፊቴ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። ስክሪኑ 16 ደቂቃ ቀርቷል ይላል። እኔ ማሽኑ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሀሳቤ ግን አገር ቤት ሄዶ፣ የእህቴን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ልኮ፣ የነገ ፈረቃዬን አስልቶ፣ ማድረቂያው ውስጥ የተውኩትን አንሶላ አስታውሶ ይመለሳል። ሲመለስ ስክሪኑ 15:50 ይላል። ይህን ሁሉ ዞሮ 10 ሰከንድ! ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ስለ ጡንቻ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እዚያ ማሽን ላይ ቀልብን እንዴት ሰብስቦ እንደሚቆዩ የሚነግር ግን ብዙ አላገኘሁም። ብዙ ሰው ማሽኑን ገዝቶ ልብስ ማድረቂያ ያደረገውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ማሽኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የተሠራው በክረምት ወንዛቸው በረዶ ለሚጋገርባቸው ቀዛፊዎች ነው። ዛሬ በየጂሙ የምናየውን ዓይነት ያወጡት ዲክና ፒት ድራይሲጋከር የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ በቨርሞንት ግዛት፣ ኮንሴፕት ቱ በተባለው ድርጅታቸው። ራሳቸውም ቀዛፊዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት የመጀመሪያው ማሽን የሚሽከረከረው አካሉ የብስክሌት ጎማ ነበር። ከተማችንም ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው የዓለም የቤት ውስጥ ቀዘፋ ሻምፒዮና በ2018 የተካሄደው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ውድድሩ 2000 ሜትር ነው። ሁሉም በተርታ ተቀምጠው፣ አንድም ሜትር ወደ ፊት ሳይሄዱ ይሽቀዳደማሉ።

እንግዲህ እነዚያ ወንድማማቾች የቀዘፋውን ልፋት ወደ ቤት አስገቡት። ውሃው ግን ውጭ ቀረ። ውሃ ላይ ቀልብህ ቢሸሽ ወዲያው ትቀጣለህ። መቅዘፊያው ይያዝብሃል፣ ጀልባው ይንገዳገዳል። ጣና ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሞገዱ ራሱ ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። ስምንት ሰው በሚቀዝፍበት የውድድር ጀልባ ደግሞ አንድ መሪ ፊታቸው ተቀምጦ ይጮህላቸዋል፤ "አሁን አሥር ጠንካራ!" ይላቸዋል። ማሽኑ ላይ ሞገድ የለም። የሚጮህ የለም። ሀሳብህ ቢጠፋ የሚወድቅ ነገር የለም። ስለዚህ ይጠፋል። ይህ ስንፍና አይደለም። አእምሮ ሥራ ካልተሰጠው ሥራ ይፈልጋል፤ ተፈጥሮው ነው።

ታዲያ ምን ሥራ እንስጠው?

አንድ ቀዘፋ ሁለት ክፍል አለው። መግፋትና መመለስ። ስንገፋ መጀመሪያ እግር ይገፋል፣ ቀጥሎ ወገብ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ መጨረሻ ክንድ እጀታውን ይስባል። ስንመለስ ግልባጩ ነው፤ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። በደቂቃ 20 ጊዜ ብንቀዝፍ እያንዳንዱ ቀዘፋ 3 ሰከንድ ይደርሰዋል። በደንብ ከተቀዘፈ 1 ሰከንዱ መግፋት ነው፤ 2 ሰከንዱ መመለስ። ስለዚህ 30 ደቂቃ ብንቀመጥ 20 ደቂቃውን የምናሳልፈው በመመለስ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ስንገፋ ሀሳብ አይሸሽም። ሰውነት በሙሉ ተጠምዷል። ሀሳብ የሚያመልጠው በመመለሻው ነው፤ መቀመጫው በሐዲዱ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲንሸራተት፣ እጅ እግሩ ሲፈታ። እኔ ይህን ያስተዋልኩት በራሴ ብልህነት አይደለም። አያቴን አስታውሼ ነው።

አያቴ ጎጃም ውስጥ፣ የሞተር ወፍጮ ከመንደሩ ሩቅ በነበረበት ዘመን፣ በእጅ ትፈጭ ነበር። ልጅ ሆኜ ቁጭ ብዬ እመለከታት ነበር። መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ፊት ትገፋዋለች። ከዚያ ወደ ራሷ ትስበዋለች። ሸርርር… ሸር። ሸርርር… ሸር። ሰዓታት። እኔ ሳያት የምትገፋው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ፣ መጁን ወደ ራሷ ስትመልስ አንድ እጇን ለቀቅ አድርጋ በመዳፏ ጠርዝ የተበተነውን ጥሬ ወደ ድንጋዩ መሐል ትሰበስባለች። በየመልሱ። አንዱንም ሳታልፍ። አፏ ያንጎራጉራል፣ እጇ ይሰበስባል፣ ዱቄቱ ይወርዳል። የእሷ መመለስ ባዶ አልነበረም። ሥራ ነበረው።

ምድር ቤት ውስጥ፣ ያንን ማሽን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ ልተወው ስል ይህ ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመመለሻዬ ሥራ ሰጠሁት። በልቤ "እጅ… ወገብ… ጉልበት" እላለሁ። እጄ መጀመሪያ ጉልበቴን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ወገቤ ወደ ፊት ያጋድላል። ጉልበቴ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ ጉልበቱን ቶሎ ያነሳና እጀታውን በጉልበቱ ላይ ለማሳለፍ ሽቅብ ያነሳዋል፤ ሰንሰለቱ ይዘላል። ሦስቱን ቃላት በቅደም ተከተል ካላችሁ ይህ ስህተት ይጠፋል፤ ሀሳባችሁም ሁለቱን ሰከንድ የሚቆይበት ቦታ ያገኛል። ስገፋ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለው፤ "ግፊ"። ስገፋ እተነፍሳለሁ፤ ስመለስ አየር እስባለሁ። አለቀ። የምጠቀምበት ዘዴ ዋናው ይህ ነው፤ የቀረው ማገዣው ነው።

ስለ መቁጠርም ልንገራችሁ። በደቂቃ 24 ጊዜ የሚቀዝፍ ሰው በ20 ደቂቃ 480 ጊዜ ይቀዝፋል። 480 ድረስ መቁጠር ቅጣት ነው። እስከ 10 ቆጥሮ እንደገና ከአንድ መጀመር ግን ይቻላል። እናቴ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ስትል ጣቷ መቁጠሪያው ላይ ነበር። ሙስሊም ጎረቤታችንም ከሶላት በኋላ ተስቢሃቸውን በ33 በ33 እየከፈሉ ይቆጥሩ ነበር። ጸሎትን ከስፖርት ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ በጭራሽ። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ሀሳብ የሚጨብጠው ትንሽ ነገር ከሌለው ይበርራል። ቁጥሩ ቢጠፋባችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። "ስንት ደርሼ ነበር?" ብላችሁም አትፈልጉ። ፍለጋው ራሱ ሌላ መባዘን ነው። ጠፋ? አንድ ብላችሁ ጀምሩ። እኔ በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ አንድ ብያለሁ። ያ ቀን የከሸፈ ቀን አልነበረም። ሠላሳ ጊዜ ተመልሻለሁ ማለት ነው።

አሁን ስለ ርቀት። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው መንገዱን እንዳዩት ግን ብዙ አይወራም። ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ፋሺስት ኢጣልያ ከአክሱም ወስዳ ያቆመችው ሐውልት ነበር። እዚያ ሲደርስ አምልጦ እንዲወጣ ተነጋገሩ። አበበ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ አመለጠ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ሲገባ እኔ ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ። ያን ጊዜ ስለ ቀልብ አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን አስባለሁ። አንድ ሰው የሚታይ ምልክት ካለው፣ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከወሰነ፣ መንገዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጫነውም።

ማሽኑ ላይ ሐውልት የለም። ስለዚህ እንተክላለን። እኔ 5000 ሜትር ስቀዝፍ 27 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅብኛል። 1000 ላይ የመጀመሪያው ሐውልቴ ነው፤ እዚያ ትከሻዬን አወርዳለሁ፣ ጣቶቼን ከእጀታው ላላ አደርጋለሁ። ሳላውቀው ጨምድጄ ይዤው አገኘዋለሁ። 2000 ላይ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ከባዱ ከ3000 እስከ 4000 ያለው ነው። የጅማሬው ሙቀት ጠፍቷል፤ መጨረሻው ገና አልታየም። በ2000 ሜትር ውድድርም ቀዛፊዎች የሚፈሩት ሦስተኛውን 500 ነው። ምክንያቱ ያው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ 3200 ላይ ነበርኩ። ከጎን ያለው ማድረቂያ ይሽከረከራል፤ የአንድ ሰው ጂንስ ቁልፍ ከብረቱ ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። ላቤ ከቅንድቤ ወርዶ የግራ ዓይኔን ለበለበው። ውስጤ "ዛሬ እስከ 3500 ይበቃሻል፤ የዕረፍት ቀንሽ ነው" ይላል። ድምፁ ክፉ አይደለም። እንደ እናት ነው የሚናገረው፤ ለዚህ ነው የሚያሸንፈን። አልተከራከርኩትም። መሪው ጀልባ ላይ እንደሚጮኸው በልቤ "አሥር ጠንካራ" አልኩ። አንድ። እግሬን ብቻ አሰብኩ። ሁለት። ተረከዜ ሰሌዳውን ሲነካ ይሰማኛል። ሦስት። ሰባት ላይ ድምፁ ዝም አለ። አሥር ስደርስ 3300 አልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ተራ ቀዘፋዎች እንደ ዕረፍት ነበር የተቀበልኳቸው።

ስለ ስክሪኑ አንድ ነገር ልበል። ቀልብን ከሚሰርቁ ነገሮች ዋናው እሱ ነው። መጀመሪያዎቹ ቀዘፋዎች ይሸነግላሉ። ጡንቻ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ የሚበቃ የተጠራቀመ ኃይል ስላለ፣ ፍጥነቱ የእኛ ይመስለናል። ከዚያ ቁጥሩ ሲወርድ እናያለን፤ እናሳድደዋለን፤ እንሰበራለን። ሒሳቡንም እወቁት። ስክሪኑ የሚያሳየው 500 ሜትር ለመቅዘፍ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። በ2:30 ስትቀዝፉ የምታወጡት ኃይል 104 ዋት ገደማ ነው። በ2:00 ለመቅዘፍ ግን 203 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ፍጥነታችሁን በሩብ ለመጨመር ጉልበታችሁን እጥፍ አደረጋችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ማሳደድ በጣም ውድ ነው። እኔ የቀረውን ጊዜ በትንሽ ፎጣ እሸፍነዋለሁ። የማየው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደቀዘፍኩ የሚለውን ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን፣ ቀዘፋውን የምታከብደውንና የምታቀልለውን፣ ከ1 እስከ 10 የምትለውን ማንሻም ተዉአት። 10 ማለት ጎበዝ ማለት አይደለም። 3፣ 4፣ 5 ለብዙ ሰው ይበቃል።

ሙዚቃስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በ1977 ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች የማራቶን ሯጮችን ጠይቀው ነበር። በጣም ፈጣኖቹ ሲሮጡ የራሳቸውን ሰውነት ያዳምጣሉ፤ ትንፋሻቸውን፣ እግራቸውን። ሌሎቹ ደግሞ ሀሳባቸውን ሌላ ቦታ በመውሰድ ድካሙን ይረሳሉ። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ቀላል ቀን ከሆነ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ከባድ ቀን ከሆነ በዝምታ ነው። ዘፈን ሲከፈት ግን ምቱ ከቀዘፋው ጋር መስማማት አለበት። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ የ2000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ እርምጃውን በስታዲየሙ በሚሰማ ዘፈን ምት ነበር የሚመጥነው። በደቂቃ 24 የምትቀዝፉ ከሆነ በደቂቃ 96 ጊዜ የሚመታ ዘፈን ፈልጉ፤ ለአንድ ቀዘፋ አራት ምት ይደርሳል። ትዝታ ግን አልመክራችሁም። ትዝታ ተከፍቶ ቀልብ ምድር ቤት አይቀመጥም።

ከሁላችንም በላይ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች የምለው አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችን ነን። አዛውንት እንንከባከባለን፣ ታክሲ እንነዳለን፣ የመኪና ማቆሚያ እንጠብቃለን። በ2009 ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። 16 ሰዎችን አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ አእምሮ የሚያደክም ሥራ በኮምፒውተር አሠሯቸው። በሌላ ቀን ያንኑ ያህል ጊዜ ፊልም አሳዩአቸው። ከዚያ በቋሚ ብስክሌት ላይ እስኪያቅታቸው አስኬዷቸው። አእምሯቸው የደከመ ቀን በአማካይ 640 ሰከንድ ቆዩ፤ በሌላው ቀን 754። ልባቸውና ጡንቻቸው ግን ያን ያህል አልተለየም። የተለየው ድካሙ የተሰማቸው መጠን ነው። ያው ብስክሌት ከበዳቸው።

ይህን ሳነብ ለራሴ አዘንኩ። ለዓመታት ከፈረቃ ወጥቼ ማሽኑ ላይ ሳቆም "ሰነፍ" እያልኩ ራሴን ሰድቤያለሁ። 12 ሰዓት ሙሉ የሰው መድኃኒት ሰዓት ስጠብቅ፣ ደወል ሳዳምጥ ያደረ ጭንቅላት ነው እኮ! አሁን ከፈረቃ በኋላ 10 ደቂቃ ብቻ እቀዝፋለሁ፤ ረጅሙን ለዕረፍት ቀኔ አቆየዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ራሳችሁን ስታናግሩም ሌላ ሰው እንደምታናግሩት አናግሩ። ለጎረቤታችን "አይዞሽ" እንላለን። ለራሳችን ለምን እንነፍጋለን?

ቀልብ መሰብሰብ ማለት ሕመምን አለመስማት ማለት አይደለም። ይህን አደራ እላለሁ። የእግር መቃጠል፣ የትንፋሽ መፍጠን የሥራው ነው። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚወጣ ሕመም፣ ራስ መዞር፣ ዓይን መጨለም ግን የሥራው አይደለም። እጀታውን ልቀቁ፤ እርዳታ ጥሩ። ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ስትገፉ ትንፋሽ አትያዙ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊቱን ወደ ላይ ይሰድደዋል። ከመጀመራችሁ በፊትም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሰውነቱን በትክክል የሚያዳምጥ ሰው ነው ማቆም ያለበትን ጊዜ የሚያውቀው።

ከንግግሩ በፊት፣ ሻይ ስንጠጣ፣ እዚህ ከፊት የተቀመጡት ጋሼ "ልጄ፣ 71 ዓመቴ ነው፤ ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?" ብለው ጠይቀውኛል። ሐኪማቸው ፈቅዶላቸዋል፤ ወረቀቱንም አሳይተውኛል። ማሽኑ እንደምታዩት እዚህ ጥግ ላይ ነው። ልጆቹ ተሸክመው አምጥተውታል፤ ተባረኩ። ማንሻውን 3 ላይ አድርጌዋለሁ። ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ።

ጋሼ፣ ይምጡ። ኮትዎን ልያዝልዎ። መቀመጫው ይንሸራተታል፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ። እግርዎን እዚህ ያስገቡ፤ ማሰሪያውን እኔ አጠብቀዋለሁ። እጀታውን እንደ ጀበና እጀታ ይያዙት፤ አይጨምድዱት። አሥር ብቻ ነው የምንቀዝፈው። ሲገፉ ይተንፍሱ። ሲመለሱ እጅ፣ ወገብ፣ ጉልበት። አይቸኩሉ፤ መመለሱ ረጅም ነው። እኔ አጠገብዎ ሆኜ እቆጥራለሁ። ዝግጁ ነዎት?

አንድ።